ነጯ ቁልፍ

አምሃ እሑድ እሑድ እንጦጦ ፓርክ በር ላይ፣ በመናፈሻው ጎብኚዎች የሚያሾፉ ሥዕሎቹን አሳትሞ ገመድ ላይ ይሰቅላል። ልጓሙን ለቃ ስልኳን የጨበጠች ፈረሰኛ ወይዘሪት አለች፤ ሙሽራውን «ትንሽ ወደ ኋላ» እያለ ገደል አፋፍ ያደረሰ ፎቶ አንሺም አለ። አላፊ አግዳሚው ይስቃል።

አንዲት ሴትዮ ብቻ አትስቅም። ጥቁር ሻሽ አስራ፣ በነጠላዋ ሥር የወንድ ኮት ደርባ፣ ከማርያም ቅዳሴ መልስ ትመጣና ሁልጊዜ አንዱ ሥዕል ፊት ትቆማለች። ሥዕሉ ላይ አንድ ቦርጫም ሰውዬ ዳገቱ መሃል ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። ከኮቱ ጥቁር ቁልፎች መካከል አንዷ ነጭ ናት፤ አምሃም ለሹፈቱ ሲል የሳህን ያህል አድርጎ ስሏታል።

ዛሬ ነፋሱ ነጠላዋን ሲገልጠው፣ ያቺን ነጭ ቁልፍ ሴትዮዋ ደረት ላይ አያት። ክው አለ።

«ይቅርታ እትዬ፣ አሁኑኑ አወርደዋለሁ። ከፈለጉም ይውሰዱት።»

«እንዳትነካው!» አለች። «ቁልፏን ጥቁር አጥቼ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰው ሲስቅበት ደስ ይለው ነበር። ቤት ብወስደው የእኔን ለቅሶ ሲሰማ ነው የሚውለው። እዚሁ ይሁን፣ ሰው ይሳቅበት።»

ጥቂት እንደሄደች ተመለሰች። አምሃን ዞር ብላም አላየችው።

«ኮትህን ይዤብሃለሁ» አለችው ሥዕሉን፣ «ብርድ እንዳይመታህ።»