የማርጋሬትን ስልክ ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ዛሬ የአንዲት አሮጊት ሴትዮ ስልክ አጥፍቼ ኩሽና ውስጥ ደበቅኩ።

ማርጋሬት ይባላሉ። ክላፋም ሰፈር፣ ቤታቸው ውስጥ ኬረር፣ ማለትም አስታማሚ ሆኜ እሠራለሁ። የልጅ ልጃቸው ኤሚ የስላሎም ተወዳዳሪ ናት፤ በምሰሶዎች መሃል እየተጠማዘዙ በረዶ ላይ ቁልቁል የሚወርዱበት ስኪ ነው። ዊንተሩን ሙሉ አንድም ውድድር ሳያመልጠን በቲቪ አየን። (እኔ እንኳን ስኪ ልሞክር፣ በረዶ ሲጥል ባስ ፌርማታ የምደርሰው አጥር ይዤ ነው።)

ዛሬ የሲዝኑ የመጨረሻ ውድድር ነበር። ኤሚ ሦስት ምሰሶ ሲቀራት ወደቀች። አልተነሳችም፤ በሄሊኮፕተር ወሰዷት።

ማርጋሬት ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

እኔ ባደግኩበት ቤት ክፉ ወሬ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ ዘመድ እስኪመጣ ይጠበቃል። ስለዚህ ቲቪውን ዘጋሁ፤ ማንም ደውሎ እንዳይነግራቸው ስልካቸውንም አጥፍቼ ኩሽና ወሰድኩት። ሲነቁ "በጭጋግ ምክንያት ተሰርዟል" አልኳቸው።

አመሻሽ ላይ ልጃቸው መጥቶ ነገራቸው። ኤሚ ኦፕራሲዮን ከመግባቷ በፊት አያቷ ጋ ደጋግማ ደውላ ነበር። ስልኩ ግን ዝግ ነበር።

ማርጋሬት አልተቆጡኝም። "ከመውረዷ በፊት ሁሌ እኔ ጋ ትደውላለች" አሉኝ። "ስለምትፈራ።"

አሁን ባስ ውስጥ ነኝ። ኤሚ እስካሁን ከኦፕራሲዮን አልወጣችም።

እናንተስ፣ አዝናችሁለት እውነቱን የደበቃችሁትን ሰው በማግስቱ ዓይኑን እንዴት አያችሁት?