ዓለምጌጥ ሳትፈርመው የቀረችው ውል

ዓለምጌጥ በእርሳሷ ጫፍ ያለውን ላጲስ ወረቀቱ ላይ ታሳርፍና ገጹን ትገልጣለች፤ ለካንሰሯ የምትወስደው የኬሞ መድኃኒት ጣቶቿን ስላደነዘዘ በእጇ መግለጥ አልቻለችም። ቀጥላ ወረቀቶቹን በጠረጴዛው ጠርዝ ታስተካክላለች፣ የወረቀት መብሻውን በክርኗ ትጫናለች፣ ማያያዣውን በመዳፏ ታጥፋለች። ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ ብቻዋን የምትሠራ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ናት።

ማረፍ አትችልም። ደሞዝ የሚቆርጥላት አለቃ የለም፤ ካልሠራች የቢሮውን ኪራይ የሚከፍል የለም። የደንበኞቿን ጉዳዮች ልልቀቅ ብትልም ዳኛው መፍቀድ አለበት።

ከሁለት ዓመት በፊት ኢንሹራንስ የሚሸጠው ግዛቸው ለዚህ የሚሆን ውል አምጥቶላት ነበር። ካንሰር ወይም ስትሮክ ቢይዛት በአንድ ጊዜ ገንዘብ ይከፍላታል። ልትፈርም እስክሪብቶ አንስታ ሳለ አጠገቧ የነበረችው የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ጽጌ ሳቀችባት።

«አንቺ፣ በሽታን በቀጠሮ ትጠሪያለሽ እንዴ? በኢየሱስ ስም በይ!»

ዓለምጌጥም አብራ ሳቀችና እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠች።

ባለፈው ሳምንት ያንን ውል አሁን ልፈርም ብላ ግዛቸውን ኮል አደረገችው።

«እህቴ፣ በሽታው ከታወቀ በኋላማ ማን ይሸጥልሻል?»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በለኛ!»

«ኧረ እኔ... ማለቴ፣ እንደዚያ አልወጣኝም።»

ጽጌ አሁን ሾርባ እየያዘች ትመጣለች፤ መኪናዋ ውስጥ አልቅሳ ነው የምትገባው። ዓለምጌጥ አልተቀየመቻትም። ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ የምትይው አለ ወይ ስትባል ግን እርሳሷን ሳታስቀምጥ መለሰች።

«ብቻዋን የምትሠራ ጓደኛችሁ እንዲህ ያለ ውል ልትፈርም ስትል፣ እባካችሁ ዝም በሏት። ጸሎቱን ከፈረመች በኋላ አድርሱላት።»