የጣዎሶቹ ቆጥ

በአባዬ ጋራዥ ውስጥ፣ ከበረዶ አካፋው ጀርባ፣ አንድ ክብ እንጨት ቆሟል። ቅርፊቱ ተልጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ልስልስ ብሏል። ጋራዡን ባጸዳን ቁጥር "ይሄስ ይጣል?" የሚል የለም። እኔም እንዳላየሁ አልፈዋለሁ።

ከኮቪድ በፊት ነው፤ አስር ዓመቴ ነበር። ቡርንስቪል በምትባል ከተማ ጓሮ ያለው ቤት ከገዛን ገና መንፈቁ ነው። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት እርሻዋን ሸጣ ሴንት ፖል ከተማ አፓርትመንት ልትገባ ስለሆነ፣ ሁለት ጣዎሶቿን ለሚወስድላት ሰው ትሰጣለች ተባለ። አባዬ ይህን ከስራ ባልደረባው ሰምቶ እንቅልፍ አጣ። ዕድሜውን ሙሉ መጋዘን ውስጥ የሰው ዕቃ ሲያነሳ የኖረ ሰው፣ "ለጌጥ ብቻ የሆነ ነገር አንዴ እንኳ ይኑረኝ" አለ። እኔ ጣዎስ ምን እንደሆነ የገባኝ "ፒኮክ" ሲለኝ ነው።

ያኔ የቤቱ አስተርጓሚ እኔ ነኝ። ባንክም ሆነ ክሊኒክ፣ አባዬ ትከሻዬን ነካ ያደርግና "ምን አለች?" ይለኛል። እንዴት ይሰለቸኝ እንደነበር! እርሻው የሄድን ቀንም ስልኬ ላይ ጌም ይዣለሁ። አሮጊቷ መዳፏን ዘርግታ፣ ጣቶቿን እየነካካች ብዙ አወራች።

"ምን አለች?"

"የሚተኙበት እንጨት ያስፈልጋቸዋል አለች።"

"ቆጥ ማለቷ ነው። ይሄን ሁሉ ለፍልፋ ይህችን ብቻ?"

"ዛትስ ኢት፣ አባዬ፣ በቃ!" አልኩት፣ ዓይኔን ከስልኩ ሳልነቅል።

ሰመሩን፣ የሙቀቱን ወራት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠራን። አባዬ ቪዲዮ እያየ ምሰሶ ተከለ፣ ዙሪያውን በሽቦ አጠረ፣ በርረው እንዳይሄዱበት ከላይ መረብ ወጠረ። እኔ ምስማር አቀብላለሁ። አዲስ የተሰነጠቀ እንጨት ሽታ፣ የዚያ ትንኝ ነገር፣ ደግሞ የአባዬ ፉጨት! ማፏጨት እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው። ለቆጡ የወደቀ ዛፍ ቆርጦ አመጣና፣ እግራቸውን እንዳይወጋ ሦስት ቅዳሜ ፈገፈገው። "እስቲ እጅሽን አሳልፊበት፤ ይቆረቁራል?" ይለኛል። አይቆረቁርም ነበር።

ጣዎሶቹ የገቡ ዕለት ወንዱ ጭራውን ዘርግቶ ሲያርገፈግፈው አባዬ ኮፍያውን አወለቀ። እንዴት እንደሳቅሁበት!

ጥር ላይ ያ አጥንት ሰርስሮ የሚገባው ብርድ መጣ። አንድ ጠዋት ወንዱን ቆጡ ስር ወድቆ አገኘነው፤ ጣቶቹ ጠቁረዋል። አባዬ በስራ ጃኬቱ ጠቅልሎ ጋራዥ አስገባው፣ ሂተር አበራለት፣ ውሃ በማንኪያ አጠጣው። በአራተኛው ቀን ሞተ። ሴቷን ጣዎስ አንድ ገበሬ ወሰዳት።

አባዬ "መርዶ በስልክ አይነገርም" ብሎ፣ ባልደረባውን ለማስተርጎም ይዞ አሮጊቷ ዘንድ ሴንት ፖል ሄደ። ሲመለስ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ለእማዬ ነገራት፤ እኔ ሶፋው ላይ ነበርኩ።

"ጠፍጣፋ ጣውላ ነበር ያለችው ለካ። ሲተኛ ጣቶቹን በሆዱ እንዲሸፍንበት። ክብ ሲሆን ጨብጦት ያድራል፣ ጣቱን ብርድ ያገኘዋል። እኔ ነኝ ያልገባኝ።"

እኔ ነኝ ያልገባኝ! ወይኔ! ምነው በተቆጣኝ ኖሮ። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። "እኔ ነኝ፣ አባዬ" ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት፤ እስከ ዛሬም አልነገርኩትም። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ላይብረሪ እንግሊዝኛ መማር ጀመረ። ትከሻዬን መንካትም ተወ።

ያኔ፣ ባስተረጎምኩለት ቁጥር፣ ምነው በተወኝ እል ነበር። ባለፈው ሳምንት ልቡን ሊመረመር ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ አስተርጓሚ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀችው። "ኖ፣ ታንክ ዩ" አለና አንገቱን አስግጎ ከንፈሯን ያይ ጀመር። ብዙ አወራች። ግማሹ እንዳመለጠው ከፊቱ ያስታውቃል። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ እኔን አንድም ቃል አላመለጠኝም። ትከሻዬን ወደ እጁ አስጠግቼ ጠበቅሁ።

አልነካኝም።