ለወንድሜ ድምፅ የገዛሁት ገመድ

ወንድሜ በሞተ በአምስተኛው ወር እናቴ የሠርጌን ዲቪዲ እንድከፍትላት ጠየቀችኝ። ዓይኗን ስኳር ካጠፋባት ቆይቷል፤ ብርሃኑን ከጨለማው ከመለየት በቀር የምታየው ነገር የለም።

«እማዬ፣ ምኑን ልታዪው?» አልኳት። ቃሉ ገና ከአፌ ሳይወጣ ተጸጸትኩ።

«ማየት መች አማረኝ» አለች። «እሱ የሚናገርበት ቦታ አለ አይደል? እሱን ልስማው።»

እውነቷን ነው። ወንድሜ ታናሼ ነበር። እዚሁ ኮልፌ፣ እናቴ ሰፈር፣ አንድ እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ በርና ቁም ሣጥን ሲሠራ ኖረ። ሰው ፊት መናገር አይወድም። ስልክ ሲደውል እንኳ «እንዴት ነሽ? ሰላም ነው፤ በቃ ቻው» ብሎ ይዘጋል። ፎቶው ሞልቷል፤ ድምፁ ግን የትም የለም። የሠርጌ ቀን ብቻ ቪዲዮ የሚያነሳው ሰውዬ ይዞት «ለሙሽሮቹ መልእክት!» ሲለው ጥቂት ተናግሯል።

ዲቪዲ ማጫወቻው እናቴ ቤት ነበር። አሮጌው ቴሌቪዥን መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጥሎ ሲጣል፣ ገመዱም አብሮ ሳይጣል አልቀረም። አሁን ያለውን ስስ ቴሌቪዥን ዜናና ስብከት እንድትሰማበት እኔ ነኝ የገዛሁላት።

ቅዳሜ ከምኖርበት ከሳንሱሲ በታክሲ ኮልፌ መጣሁና ገበያው አጠገብ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። «የዲቪዲ ገመድ» አልኩት ሻጩን።

«የቱን?»

«ጥሩውን።»

«እንግዲያው ኤችዲኤምአይ ውሰጂ። ምስሉ ጥርት ነው የሚለው።»

ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ልክክ አለ። ማጫወቻውን ሳዞረው ግን ጀርባው ላይ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ክብ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው ያሉት። እናቴ ፀጉሯን አበጥራ፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሳ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። እንግዳ የምትቀበል ነበር የምትመስለው።

«መጣ?»

«ገመዱ አልሆነም እማዬ። የሌላ ነው።»

«አይ እንግዲህ» አለችና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ከወንበሯ ግን አልተነሣችም።

የሁለቱንም ጀርባ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሻጩ ፎቶውን አጉልቶ አየው።

«ማጫወቻው የድሮ ነው፤ ባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ ነው የሚሆነው። ቴሌቪዥንሽ ደግሞ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ ማዳመጫ እንደሚሰካበት ዓይነት። ስለዚህ በአንድ በኩል ሦስት፣ በሌላ በኩል አንድ ጫፍ ያለው ልስጥሽ።» ሁለት ገመድ አወጣ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። «በወፍራሙ ምስሉ አይንቀጠቀጥም።»

«ድምፁስ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ድምፁ በሁለቱም ያው ነው። እስካሁን ስለ ድምፅ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ለማንኛውም ብዬ ወፍራሙን ወሰድኩ። ልወጣ ስል ከኋላዬ ጠራኝ። «እህቴ፣ ቀለሞቹን አትመኛቸው። ቢጫው በቢጫ እምቢ ካለሽ እያቀያየርሽ ሞክሪ።»

እንዳለውም እምቢ አለ። ከቴሌቪዥኑ እዝዝዝ የሚል ድምፅ ብቻ ወጣ። ቢጫውንና ቀዩን ሳቀያይራቸው አዳራሹ ብቅ አለ፤ እልልታው ቤቱን ሞላው። እናቴ ወንበሯን በሁለት እጇ ጨበጠች።

እያሳለፍኩ ወንድሜ ጋ ደረስኩ። የተዋሰውን ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጨንቆት ቆሟል።

«እ... እንግዲህ መልካም ጋብቻ። እህቴን... እህቴን አደራ።»

«ለእናትህስ?» ይለዋል ካሜራ የያዘው ሰውዬ።

ወንድሜ ፈገግ ይላል። «እማዬ ደግሞ...»

«በቃ፣ በቃ! ኬክ ልንቆርስ ነው፤ ና!»

ካሜራው ወደ ድምፁ ዞረ። ሙሽራዋ ናት። እኔ ነኝ፤ ቬሎዬን በአንድ እጄ ሰብስቤ እየሳቅሁ። ይህን ቪዲዮ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ ግን የማየው ራሴን ነበር። እንዳቋረጥኩት አንድም ቀን ልብ ብዬ አላውቅም።

እናቴ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ምን ሊለኝ ነበር?»

«አላውቅም እማዬ።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። እንደገና ድገሚ አለችኝ፤ ደገምኩት። በአራተኛው፣ ያ ድምፄ ሲመጣ አልቻልኩም። ገመዶቹ መሃል መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ «ይቅርታ አድርጊልኝ» ብዬ አለቀስኩ። እጇን ዘርግታ ፈልጋ ራሴን አገኘችው።

«ሙሽራ ነበርሽ» አለች። «ሙሽራ ይቸኩላል። ምን ታውቂያለሽ ያኔ?»

አፍንጫዬን በነጠላዋ ጠረገችልኝ፤ ልክ እንደ ሕፃን።

«ምን ለብሷል?»

«ጥቁር ሱፍ። ቀይ ከረባት።»

«ከረባቱ ተጣሟል?»

አየሁት። «ተጣሟል።»

«ላስተካክልለት ብዬ ነበር፤ ሰው ጠራኝና ቀረ» አለች። እሷም ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እየሄድኩ እከፍትላታለሁ። ጎረቤቷ «እኔ ልክፈትልዎት» ብትላት እሺ አላለችም፤ እኔን ትጠብቃለች። አሁን ስለ ጭፈራውም ሆነ ስለ ሌላው ሰው አትጠይቀኝም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ እሱን ብቻ ትጠብቃለች።

«እማዬ ደግሞ...» ሲል «ወዬ» ትለዋለች።

ድምፄ ከመምጣቱ በፊት ላቆመው ጣቴን ሪሞቱ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ብዙ ጊዜ አልደርስበትም።