ከብየዳው ጭንብል ውስጥ

ኮሮና ከሥራ ካስቀረው ወዲህ ባባ፣ የማዳሜ ባል፣ የብረት ሥራ ፍቅር ይዞታል። ሰዓት እላፊው ላላ ያለ ጊዜ፣ ዕቃ እንዳግዘው ብሎ ስዌይለህ የሚባል ሰፈር ወዳለ የብየዳ መሣሪያ መሸጫ ይዞኝ ሄደ። ቤተ ክርስቲያን ከተዘጋ ጀምሮ ከቤት ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አማርኛም ከስልክ በቀር አልሰማሁም።

በር ላይ ዘበኛው «ከማማሽስ?» ብሎ አስቆመኝ። ከማማ የሚሉትን የአፍ መሸፈኛዬን ረስቼዋለሁ። ባባ መመለሱ ስለታከተው፣ ደጅ ከተደረደሩት የብየዳ ጭንብሎች አንዱን አንስቶ ጭንቅላቴ ላይ ደፋብኝ። ዘበኛው ከት ብሎ ስቆ አሳለፈን።

ባባ የፈለገው በእጅ የሚንጠለጠል፣ በኤሌክትሮድ ዘንግም፣ በሽቦም፣ በአርጎን ጋዝም የሚበይድ መሣሪያ ነው። የቆዳ ሽርጥ የታጠቀ፣ እንደኔው ፊቱን በጭንብል የሸፈነ ሠራተኛ ምንም ሳይናገር ይሞክርልን ጀመር። ገና ብልጭ ሲል የጭንብሌ መስታወት በራሱ ጨለመ። ዓይኔ የጠፋ መስሎኝ ክው አልኩ። በኤሌክትሮድ ሲበይድ ተንጣጣ፤ በሽቦ ሲሆን እንደ ንብ ጮኸ። በአርጎን ግን ጸጥ አለ። በዚያ ጨለማ መሀል አንዲት ትንሽ ኮከብ ብቻ ቀረች፤ ብረቱ ከሥሯ እንደ ውሃ ይፈስና ይረጋል።

«በስመአብ ወወልድ…» አልኩ ሳላስበው። ላማትብ ስል እጄ ከጭንብሉ ጋር ተጋጨ።

ኮከቧ ድርግም አለች። ባባ «ይሄንን ነው የምወስደው» አለ በአረብኛ። ሠራተኛው አልሰማውም፤ ወደኔ ዞሮ ያየኛል። ከጭንብሉ ውስጥ የወጣው ድምፅ የሴት ነበር፤ ያውም በአማርኛ፦

«አይዞሽ፣ እህቴ።»