ጉንጫቸው አብጦ «ደህና ነኝ» ያሉት ጋሼ

ዛሬ አንድ ጉንጫቸው እንደ ዳቦ ያበጠ ጋሼ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጠው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

እኔም እንዳለ ተረጎምኩት። ዶክተሩ ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ ሳይል «ሕመም የለም» ብሎ ጻፈ።

የጥርስ ሕክምና ለመማር ከማመልከቴ በፊት «ክሊኒክ ገብተሽ ልምድ መቅሰም አለብሽ» ስለተባልኩ፣ ከካዚኖ ሺፍቴ በፊት ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሰፈር ባለ የጥርስ ክሊኒክ በነጻ አገለግላለሁ። እስካሁን የቀሰምኩት ልምድ በር ላይ ቆሜ የሰው ግንባር ላይ ቴርሞሜትር መደገን ነው። አበሻ ሲመጣ ደግሞ አስተርጓሚነት እሾማለሁ።

«እንግዲያው ጥርሳቸውን እናንጣላቸው፣ ንገሪያቸው» አለኝ ዶክተሩ።

ነገርኳቸው። ጋሼ አገጫቸው ላይ ያወረዱትን ማስክ እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ በዚህ ዘመን ነጭ ጥርስ ለማን ላሳየው ነው?»

«ታዲያ ምን ሆነው መጡ ጋሼ?»

«ይቺ መንጋጋዬ ናታ! እህል ከቀመስኩ ሰነበትኩ።»

«ለምን አልነገሩትም?»

«እንዴት ነዎት ነው እኮ ያለኝ! ሰው ሰላም ሲለኝ ሕመሜን ልዘርግፍበት?»

ይህን ስተረጉምለት ዶክተሩ ገና አሁን ቀና ብሎ ጉንጫቸውን አየ። ያበጠ ጉንጭ እኮ አስተርጓሚ አያስፈልገውም ነበር!

ጥርሱ ተነቅሎ፣ አፋቸው በጥጥ ታጭቆ ሲወጡ «አሁንስ እንዴት ነዎት?» አልኳቸው።

በጥጡ መሃል «እግዚአብሔር ይመስገን!»

እናንተስ ሐኪም ፊት እያመማችሁ ደህና የሆናችሁበትን ቀን ጻፉልኝ እስቲ። «እኔ ደህና ነኝ» ብሎ ኮመንት የሚያደርግ ካለ ግን ቴርሞሜትሬን ይዤ ቤቱ ድረስ እመጣለሁ።