ሞተር ቡልኮ ያለብስ የነበረው አንጁሎ

"አንጁሎ ሞተ" ሲሉኝ "የቱ አንጁሎ?" አልኩ። በገረሴ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳ ሌላ አንጁሎ እንደሌለ እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት። የደወለልኝ ሰው "ያንተው አንጁሎ ነዋ" አለኝ። ያኔ ገባኝ።

ትናንት እኮ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ተኝቶ ደውሎልኝ ነበር። ድምፁ ደክሟል፣ ግን ስለ ሕመሙ አንድም ቃል አላወራም። "ገረሴ እንዴት ነው፣ ውርጭ አለ?" አለኝ። አለ አልኩት። "እንግዲያው መኪናዬን አደራ" ብሎ ዘጋው። እንዲህ ያለ ሰው በማግስቱ ይሞታል ብሎ ማን ያስባል?

ለማታውቁት፣ አንጁሎ ከደጋው ከገረሴ ድንችና ጎመን ጭኖ አርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ የሚያወርድ ሾፌር ነበር። እኔም ሥራዬ ያው ነው። ከእሱ በተሻለ እነዳለሁ። ይሄን በሕይወት እያለ ፊቱ ላይ ስለው የኖርኩት ነው፣ ስለሞተ አልለውጠውም። ጠመዝማዛው ላይ አይደርስብኝም ነበር። የእኔ ችግር ጠዋት መነሳቱ ላይ ነው።

እናንተ ታች በሙቀት የምትኖሩ፣ መስኮት ከፍታችሁ የምታድሩ፣ ይሄ አይገባችሁም። እዚህ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የሞተሩ ዘይት እንደ ማር ይረጋል፣ ናፍጣው ይወፍራል፣ ባትሪው ይሰንፋል። እኔ ቁልፉን ጠምዝዤ እይዛለሁ፣ መኪናዬ ታቃስታለች፣ ታቃስታለች፣ ከዚያ ጸጥ ትላለች። እሱ ነካ ያደርጋታል፣ ትነሳለች።

ዘዴውን ከማንም አይደብቅም ነበር። ማታ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አዙሮ ያቆማታል። ሞተሩ ትኩስ እያለ ኮፈኑን ከፍቶ ቡልኮ ያለብሰዋል። አዎ ቡልኮ፣ ያ የዶርዜ ሸማኔ የሚሠራው፣ ሽማግሌ ተከብሮ የሚለብሰው ወፍራሙ። "መጀመሪያ አልብሳት፣ ከዚያ ጠይቃት" ይል ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት መስታወቱ ሁሉ በውርጭ ነጭ ሆኗል። የእኔዋ እምቢ አለች። ጎመን ነጋዴዎቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

"ሻንካ፣ ጎመኑ እዚሁ ሊያረጅ ነው እንዴ?" አለችኝ አንዷ።

የአንጁሎ መኪና ግን በአንዴ ተነሳች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ጆንያቸውን ከእኔ አውርደው ወደ እሱ ወሰዱ። እሱ ደግሞ ቡልኮውን እንደ ቤተ ክርስቲያን ልብስ አጣጥፎ ወደ እኔ መጣ።

"ማታ ሳታለብሳት ጠዋት ትጠይቃታለህ?"

"ቡልኮ ለሽማግሌ ነው እንጂ ለብረት ነው እንዴ?"

"እሷ ከሽማግሌ ትበልጣለች። ሽማግሌ ጎመን አይጭንም።"

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክሮ የናፍጣ ማጣሪያዬን ጠቀለለው፣ ጨዋታ እያወራ ቆየ፣ ከዚያ "አሁን ጠይቃት" አለኝ። ተነሳች። ከሁሉ የባሰብኝ ይሄ ነው። ባትነሳ እኮ ደስ ይለኝ ነበር፣ የራሴ መኪና ሆና። ለሴቶቹ "እንዲነካት የፈቀድኩለት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ሌላ ደግሞ ልንገራችሁ። ይሄን የምጽፈው በራሴ ጣት ነው፣ ማንም አልጻፈልኝም። አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ አስተማሪዋ "አፍህ እንጂ እጅህ አይፈጥንም" ብትለኝም። እና በሕይወቴ ሰው ሳይረዳኝ ያነበብኩት የመጀመሪያ ነገር ምን ይመስላችኋል? የአንጁሎ መኪና ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን። ዓመታት ሙሉ አቧራውን እየጠጣሁ ከኋላው ስወርድ ጥቅስ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ቀስ ብዬ ቆጠርኩት፦ "ጌታ ሆይ ለምቀኛዬ ዕድሜ ስጥልኝ"።

አስቆምኩት። "ምቀኛህ ማን ነው?" አልኩት።

"ማን ነው ሁልጊዜ ከኋላዬ የሚመጣው?" ብሎ ሳቀብኝ።

ዛሬ ቤቱ ስደርስ ሚስቱ አስቴር ለቅሶዋን ገታ አድርጋ የመኪናውን ቁልፍ ሰጠችኝ። ሽማግሌዎቹ ቀብሩ ነገ ነው ብለዋል፣ ጎህ ሲቀድ አርባ ምንጭ ወርጄ አስከሬኑን በራሱ መኪና ላመጣ ነው። "መኪናዬን ከሻንካ ሌላ ሰው እንዳይነካት ብሏል" አለችኝ። "ሻንካ ይቀናል እንጂ እጁ አይከፋም አለ።" ሰው ታሞ ተኝቶ እንኳ ይሰድበኛል።

መኪናዋ ከታመመ ጀምሮ ስለቆመች በቀትር ፀሐይም እምቢ አለችኝ። ግን ሲታመምም ወደ ቁልቁለት አዙሮ ነው ያቆማት። የሰፈሩ ሰው ገፋ አደረጋት፣ ተነሳች። አያችሁ? እሱ በሌለበት እንኳ ያስነሳት እሱ ነው።

አንጁሎ፣ ቡልኮህን አስቴር ላንተ መገነዣ አውጥታዋለች። ሽማግሌዎቹ "ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ ንጹሕ እናምጣ" ቢሉ "የራሱን አልብሱት" አለቻቸው። ስለዚህ መኪናህ ዛሬ ለውርጩ የምትለብሰው አልነበራትም።

የእኔን አለበስኳት። ያንን የሠርጌን፣ አንተ "ለማን ነው የምታስቀምጠው?" እያልክ የምትስቅበትን። ጠዋት ቡልኮውን ከሞተሩ ላይ ሳላነሳ ቁልፍ አልነካም፣ አትስጋ።

ጸሎትህ ደርሷል። ጌታ ዕድሜውን ለእኔ ሰጥቶኛል፣ ለአንተ ግን ነፈገህ። ይሄን አልቀናበትም። ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላህ አልመጣም፣ መሪህን ይዤ ቀስ ብዬ እወስድሃለሁ፣ ጠመዝማዛው ላይ እንኳ አልፈጥንም።

ደህና እደር ወንድሜ። አልብሻታለሁ። ጠዋት እጠይቃታለሁ።